አጎቴ ዜፌሪኖ ያጣጣሉት ቤት

«ያ ቤት? ድንጋይ ነው። ድንጋይ ደግሞ እኛ አገር መቼ ጠፍቶ ያውቃል?»

አጎቴ ዜፌሪኖ ይህን ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲሉ ኖረዋል። በአቢሊዮ ቡና ቤት ባንኮኒውን ተደግፈው፣ እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ፣ በወይን ለቀማ ወገባቸውን ለማሳረፍ ቀና ሲሉ፣ ሰው ስለ ቤቱ ባነሣ ቁጥር መልሳቸው ያው ነበር። አንዳንዴም ያልተጠየቁትን ይጨምራሉ። «በሚመጣው ክረምት ካልተናደ ውሸታም በሉኝ።»

ቤቱ አልተናደም። ለምን እንዳልተናደ የምናውቀው እኔና አክስቴ ብቻ ነበርን።

ቤቱ፣ ባለቤቱ ወይዘሮ ኤርሜሊንዳ ከሞቱ በኋላም የሚጠራው በእሳቸው ስም ነው። ታችኛው ፎቅ ለከብትና ለወይን በርሜል፣ ላይኛው ለሰው፤ ከደጅ ወደ ላይኛው የሚያወጣ ሰፊ የድንጋይ ደረጃ፤ ከኋላ የውሃ ጉድጓድ፣ አርባ ምናምን የወይራ ዛፍ፣ እስከ ወንዙ የሚወርድ፣ እሾሃማ ቅርፊት ያለው የሚበላ ፍሬ የሚሰጥ የካስታኛ ዛፍ ጫካ። ወይዘሮዋ ሲሞቱ ልጆቻቸው ፈረንሳይ ነበሩ። በሩ ተቆለፈ፤ ቁልፉም ፈረንሳይ ሄደ።

አጎቴ የተወለዱት እዚያ ቤት ነው። እናታቸው ባልቢና የቤቱ ሠራተኛ ነበሩ፤ የሚተኙት ታች፣ ከላሞቹ በረት ጎን ባለች የጭድ ክፍል። ልጃቸውንም እዚያው ወልደው እዚያው አሳደጉ። ለሠራተኛ የተፈቀደው የታችኛው በር ብቻ ስለነበር፣ አጎቴ ያን የድንጋይ ደረጃ በየቅዳሜው ይጠርጉት ነበር እንጂ በእሱ ወጥተው ወደ ቤቱ ገብተው አያውቁም። አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላቸው እናታቸው በሳንባ በሽታ ሞቱ፤ ወይዘሮዋም ልጁን ወደ አባቱ ዘመዶች ላኩት። ይህን የነገሩኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም ስለ ሌላ ነገር ስናወራ በመሃል። «በታችኛው በር ወጣሁ» አሉና ወደ ወሬያችን ተመለሱ።

ጎልማሳ ሲሆኑ ፈረንሳይ ሄደው ሰባት ዓመት ዋሻ ቆፈሩ። በደረቅ ሳልና በጥሩ ገንዘብ ተመለሱ። ሰው ሁሉ ወንዝ ዳር ለም መሬት ይገዛሉ ብሎ ሲጠብቅ፣ ከወይዘሮ ኤርሜሊንዳ ግንብ ጋር ኩታ ገጠም የሆነች፣ ጥንቸል እንኳ የማትሰነብትባት ጭንጫ ገዙ። «ለፍየሎቼ ነው» አሉ። ቤታቸውንም እዚያው ሠሩ፤ የመኝታ ቤቱንም መስኮት ወደ ሰሜን አዞሩት። በእኛ መንደር ወደ ሰሜን መስኮት የሚያወጣ የለም፤ ነፋሱ የሚመጣው ከዚያ ነው። የእናቴ እኅት ዴኦሊንዳ ሙሽራ ሆና ስትገባ «ይኼ ደግሞ ምን የሚሉት መስኮት ነው?» ብላ ጠየቀች። ወደ ውጭ አየች፤ የድንጋዩ ደረጃ ፊት ለፊቷ ነበር። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችም።

የሚፈልጉትን ቤት ታዲያ ለምን እንዲያ ያጣጥላሉ የሚል ሰው የእኛን ገበያ አያውቅም። በእኛ በሰሜን ፖርቱጋል ተራሮች የሚገዛ ሰው አያሞግስም። በከብት ገበያ ገዢው ላሟን ዞሮ ያያል፣ ጥርሷን ይገልጣል፣ ሐዘን እንደደረሰበት ሰው ይተነፍሳል፣ «ለቆዳዋ ካልሆነ» ይላል፤ ይሄዳል። ሻጩም ይተወዋል። አሥር እርምጃ፣ ሃያ እርምጃ ይርቃል። ያኔ ሦስተኛ ሰው ይገባል፤ የሁለቱንም የእጅ አንጓ ይዞ እየጎተተ፣ «በሉ እንግዲህ፣ ልዩነቱን ተካፈሉት» እያለ መዳፍ ከመዳፍ ያገናኛል። እጅ ከተገናኘ አለቀ። ስለዚህ «አልፈልገውም» ማለት «ዋጋህን ንገረኝ» ማለት ነው። ቀድሞ «እፈልጋለሁ» ያለ ሰው በዋጋውም ይበለጣል፣ ዕድሜ ልኩንም ይሳቅበታል። አጎቴ የወይዘሮዋ ልጆች አንድ ቀን መጥተው በራቸውን እስኪያንኳኩ ነበር የሚጠብቁት። ለቤቱ የሚሆነው ገንዘብ ከፈረንሳይ ከመጣ ጀምሮ ተቀምጧል።

መንደሩ ግን ሞኝ አይደለም። አንድ ቀን አቢሊዮ ብርጭቆ እያጠበ «ዜፌሪኖ፣» አላቸው፣ «አንተ ያንን ቤት እንደምትሰድበው ሰው ሚስቱን እንኳ አይሰድብም።»

«የሚስቴ ጣሪያ አያፈስም» አሉ አጎቴ።

«የእሱስ ያፈሳል?»

«እኔ በምን አውቃለሁ? ገብቼ አይቻለሁ?»

«ታዲያ በየማለዳው መስኮትህን ከፍተህ የምታየው ምኑን ነው?»

«ፍየሎቼን።»

«ፍየሎችህ ደረጃ ላይ ነው እንዴ የሚግጡት?»

ቡና ቤቱ ሳቀ። አጎቴም አብረው ሳቁ፤ አረቄያቸውን ጨለጡና ወጡ።

ስለ ጣሪያው ያወቅሁት በአንድ የጥር ወር ነው። ያን ጊዜ ትምህርቴን ጨርሼ ቪላ ሪያል ከተማ ማስተማር ጀምሬ፣ ለእረፍት እነሱ ጋ መጥቼ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ሲነፍስ የነበረው ነፋስ ባቆመ ማግስት፣ ገና ሲነጋ ወደ ደጅ ብወጣ፣ አጎቴ በወይዘሮዋ ቤት ጣሪያ ላይ ተንበርክከዋል። መሰላሉ የራሳቸው ነው። ነፋሱ ያንሸራተታቸውን የሸክላ ክዳኖች አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው ይመልሳሉ፤ የተሰበረውን አውጥተው ወገባቸው ላይ ካሰሩት ጆንያ ሌላ ይተካሉ። ሲያዩኝ አልደነገጡም።

«ድመት ጠፍታብኝ ነው» አሉ ከላይ።

«ድመት አለዎት እንዴ?»

«ጠፍታ ነው እንጂ ነበረችኝ።»

ከወረዱ በኋላ እጃቸውን እያራገፉ፣ እኔን ሳያዩ፣ «ድንጋይ ሰው አያስፈልገውም፤ ብቻውን ይቆማል። ቤት የሚሞተው ከጣሪያው ነው። አንድ ክዳን ተንሸራቶ ውሃ የጣሪያው ወራጅ እንጨት ላይ ካረፈ፣ በሦስት ዓመት ወለሉ ይወርዳል፤ በአምስት ዓመት ግንቡ ይከተለዋል» አሉ። መሰላሉን ትከሻቸው ላይ እያነሡ ጨመሩ። «ለአቢሊዮ አትንገረው።»

አልነገርኩም። አክስቴ ግን ያን ዕለት ድንች እየላጠች፣ «ይህን ማድረግ ከጀመረ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው» አለችኝ። «ከነፋስ ሁሉ በኋላ ይወጣል። የራሳችን ሲያፈስ ‹ባልዲ አስቀምጪበት› ይለኛል።»

የወይዘሮዋ ልጅ አርሚንዶ ከዓመታት በኋላ በአንድ ነሐሴ መጣ። ከመንደሩ የወጣው በአሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሊዮን ከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ሊወጣ ተቃርቧል። ለዘብ ያለ፣ ደግ ሰው ነው። እኅቱ መሸጥ ትፈልጋለች፤ እሱም ወገቡን ያመዋል፤ ልጆቹ ቋንቋችንን አይናገሩም። አጎቴን ያገኛቸው ግንቡ ሥር ለፍየል ቅጠል ሲቆርጡ ነበር። እኔም ለእረፍት መጥቼ ግንቡ ላይ ተቀምጬ ነበር።

«አጎት ዜፌሪኖ፣ ቤቱን ልንሸጠው ነው» አለ፤ በእኛ መንደር ባይዛመዱም ሽማግሌ ሁሉ ‹አጎት› ይባላል።

«ደግ አደረጋችሁ።»

«መሬቱ ከእርስዎ ጋር ኩታ ገጠም ነው። ቀድሜ እርስዎን ልጠይቅ ብዬ ነው። አይፈልጉትም?»

አጎቴ ማጭዱን ወደ ቅርንጫፉ መለሱት።

«እኔ? ምን ላደርገው? ድንጋይ ነው። ወይራዎቹም አርጅተዋል። አፍርሰህ ድንጋዩን ለመንገድ ሠሪዎች ብትሸጠው ይሻልሃል።»

የመንደር ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር። «ተዉ እንጂ አጎት፣ አባቴ የተከለውን ወይራማ አይስደቡብኝ» ይል ነበር፤ ተቀምጦ ትንባሆ ይጠቀልል፣ ዋጋ ጠርቶ ይሄድ፣ በማግስቱ አቢሊዮን ይዞ ይመለስ ነበር። አርሚንዶ ግን ከአርባ ዓመት በላይ የኖረው ያሰቡትን ከሚናገሩ ሰዎች ጋር ነው። ፊቱ ወደቀ።

«ያን ያህል ተጎድቷል?»

«ከዚያም በላይ።»

«አመሰግናለሁ አጎት። እውነቱን ስለነገሩኝ።»

እጃቸውን ጨብጦ ሄደ። አጎቴ ሲርቅ አዩት፤ አሥር እርምጃ፣ ሃያ እርምጃ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ ፊታቸው እንደ ልጅ ፊት በርቷል።

«ይመለሳል» አሉኝ።

እንደዚያ የመከር ወራት ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። ዘጠኝ የካስታኛ ሳንቃ አስጠርበው ጎተራ ውስጥ አስደገፉ፤ ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገሩም፤ ለወይዘሮዋ ቤት የላይኛው ፎቅ በረንዳ እንደሆነ ግን አክስቴ ገብቷታል። አንድ ቀን ደግሞ ሳያስቡት አመለጣቸው። «እዚያኛው ቤት ማድ ቤቱ ፀሐይ ይመታዋል፤ ለእጅሽ ቁርጥማት ይሻልሻል» አሏት።

መስከረም ላይ፣ ከተማ ውስጥ ካለ የቤት ደላላ መስታወት ላይ ማስታወቂያውን አየሁ። ፎቶው ደብዝዟል፤ ደረጃው ግን ይታያል። «ያረጀ የገጠር የድንጋይ ቤት፣ ከሰፊ መሬት ጋር፣ ለእድሳት ተስማሚ፣ ጣሪያው ደህና ይዞታ ላይ» ይላል። አንድ ቅጂ ለምኜ ወሰድኩላቸው።

«ለእድሳት ተስማሚ» ብለው አነበቡ፤ ከንፈራቸውን እየመጠጡ። «ምኑ ነው የሚታደሰው? ከተሜ የማያምነው ነገር የለም።» ወረቀቱን ግን አራት አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

ጥቅምት አልቆ ካስታኛ ስንለቅም፣ አንድ ቅዳሜ ፖስተኛዋ በአደራ የመጣ ደብዳቤ አስፈርማ ሰጠቻቸው። አጎቴ ማንበብ ያውቃሉ፤ የጠበቃ ጽሑፍ ግን አይወዱም። እኔ አነበብኩላቸው። አርሚንዶና እኅቱ ቤቱንና መሬቱን ለአንድ ሆላንዳዊ ሊሸጡ ተስማምተዋል፤ ዋጋው ይህን ያህል ነው፤ ኩታ ገጠም መሬት ያለው ጎረቤት በዚያው ዋጋ ቀድሞ የመግዛት መብት ስላለው፣ ይህ በደረሰው በስምንት ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ ይስጥ፤ ካልሰጠ እንደተወው ይቆጠራል።

ዋጋው አጎቴ ካዘጋጁት ያነሰ ነበር።

«አሁኑኑ መልሱን እጽፈዋለሁ» አልኩ።

አጎቴ ከጣታቸው የካስታኛ እሾህ እየነቀሉ ፈገግ አሉ። «አየህ፣ ጻፈ። ገዢ ያለው ሰው ይሸጣል እንጂ ይጽፋል? ሆላንዳዊ የሚባል የለም። ሊያስፈራራኝ ነው።»

«አጎቴ፣ ሕግ እኮ ነው። የጠበቃ ማኅተም አለበት።»

«በማኅተም የሚያስፈራራ ሰው አላየሁም መሰለህ?»

«አንተ ሰውዬ፣» አለች አክስቴ ከምድጃው ሥር፣ «ወረቀቱ ስምንት ቀን ይላል። ስምንት ቀን ስምንት ቀን ነው።»

«እንዲህ ቸኩዬ ከመለስኩለት ስጎመጅ ኖሬያለሁ ማለት ነው። ለገና ይመጣል። ለገና የማይመጣ የለም። ያኔ ራሱ ይቀንሳል።»

«ሠላሳ ዓመት ጠብቀህ፣ አሁን ለቅናሽ ብለህ?»

«ለቅናሽ አይደለም» አሉ አጎቴ። ፈገግታቸው ጠፋ። «እኔ እዚያ ቤት ለምኜ አልገባም።»

እሾሃቸውን ወደ መንቀል ተመለሱ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ ከተማ ተመለስኩ። በቦርሳዬ ወረቀትም እስክሪብቶም ነበረ። ሁለት መስመር ይበቃ ነበር። ጽፌ ባቀርብላቸው፣ «እንግዲህ ልጁ ካለ» ብለው በእኔ አሳበው ይፈርሙ ነበር ብዬ አሁን፣ ከሞቱ በአራተኛ ዓመታቸው፣ አስባለሁ። ያን ጊዜ ግን በሰው ገበያ እጅ ማስገባት ነውር መሰለኝ። ረቡዕ ዕለት ልደውል ስልኩን አነሣሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ስምንተኛው ቀን ቅዳሜ ነበር፤ የተማሪዎች ወረቀት ሳርም ዋልኩ። በእኛ ገበያ ሁለት እጅ የሚያገናኝ ሦስተኛ ሰው ነው። ያ ሰው እኔ ነበርኩ፤ አላወቅሁትም።

አርሚንዶ እውነትም ለገና መጣ። መኪናው ኮረብታውን ሲዞር አጎቴ ከመስኮት አይተው ነጭ ሸሚዛቸውን ለበሱ። «የደረቀውን የአሳማ ጭን አውርጂው፤ ከጥሩውም ወይን ቅጂ» አሏት ለአክስቴ። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ብርጭቆ አስቀመጡ፤ ለሻጭ፣ ለገዢ፣ እጅ ለሚያገናኘው። ለራሴ አራተኛ ልጨምር ስል «አንተ ቆይ» አሉኝ።

በሩ ተንኳኳ። አርሚንዶ ከኋላው አንድ ረጅም ቀይ ሰውና አንዲት ሴት አስከትሎ ገባ።

«አጎት ዜፌሪኖ፣ ጎረቤቶችዎን ላስተዋውቅዎ ብዬ ነው። ዮስት ይባላል፤ ባለቤቱ ማሪኬ ናት። ሐሙስ ተፈራረምን፤ ቁልፉን አሁን አስረከብኳቸው።»

አጎቴ ቆመው ነበር፤ እንደቆሙ ቀሩ። ወንበር ያቀረበችው፣ ብርጭቆ የጨመረችው፣ ሥጋውን የቆረጠችው አክስቴ ናት። ዮስት ቋንቋችንን ገና ከመጽሐፍ እየተማረ ነው፤ ሽማግሌውን እንደ እኩያው «አንተ» እያለ፣ ቃል ባጣ ቁጥር በእጁ እያሳየ ተናገረ።

«አሥራ አንድ ቤት አየን። ሁሉ ቆንጆ። ሁሉ ጣሪያ ወደቀ፣ ውስጥ ዛፍ በቀለ። ይኼ ግን ጣሪያ ደረቅ፣ ወለል ደረቅ። እኔ አናጢ ነኝ። እንጨቱን ነካሁ፣ ለማሪኬ ‹ይኼ ነው› አልኩ። ሠላሳ ዓመት ባዶ፣ ግን ደረቅ። እንዴት ሆነ?»

አክስቴ ቢላዋውን አስቀመጠች። አርሚንዶ አጎቴን አየ፤ ነጩን ሸሚዝ፣ ከዚያ ጠረጴዛውን አየ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አጎት፣ ፈልገውት ነበር እንዴ?» አለ።

«እኔ?» አሉ አጎቴ። «ምን ላደርገው።»

«ድንጋይ ነው ብለውኝ ነበር።»

«ድንጋይ ነው።»

«ደብዳቤም ልኬ ነበር።»

«ደርሶኛል። ብላ እንጂ አርሚንዶ። ሥጋው የራሳችን ነው።»

ሆላንዳውያኑ ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። ልንጠላቸው ፈልገን ሰበብ አጣን። ወይራውን በወቅቱ ይገርዛሉ፣ መንገድ ላይ ቆመው ሰላም ይላሉ፣ ላይኛውን ፎቅ አድሰው ሲገቡ አጎቴንና አክስቴን እራት ጠሯቸው። አክስቴ ሄደች። አጎቴ «ጉልበቴን ያመኛል፣ ደረጃ አልወጣም» አሉ። ዘጠኙ ሳንቃ የፍየል በረት ሆነ።

የካቲት ላይ ነፋስ በነፈሰ ማግስት መሰላላቸውን ተሸክመው እስከ ግንቡ ድረስ ሄዱ። ዮስት ጣሪያው ላይ ሆኖ እያፏጨ ክዳን ሲያስተካክል አዩ፤ መሰላሉን መልሰው አስገቡት። አቢሊዮ ጋ መሄድም ቀነሱ። ሲሄዱም ስለ ቤቱ የሚያነሣ የለም፤ አቢሊዮ እንኳ ዝም ብሎ ይቀዳላቸዋል። እኛ ዘንድ ሰው የማይቀልድበት ነገር ሬሳ ብቻ ነው።

ግንቦት ላይ የሆነውን የነገረችኝ አክስቴ ናት።

አጎቴ ደጃፍ ተቀምጠው ሳለ ዮስት የእንጨት ብናኝ ፀጉሩ ላይ እንዳለ ግንቡን ተሻግሮ መጣ። ወይን አልያዘም፤ ሰው አላስከተለም፤ ስለ ዝናቡም አላወራም።

«ዜፌሪኖ፣ ያንተ መሬት በጣም ቆንጆ» አለ። «እኔና ማሪኬ እንወደዋለን። አንድ ቀን መሸጥ ከፈለግህ፣ እኛ መግዛት እንፈልጋለን።»

«ጭንጫ ነው» አሉ አጎቴ።

«ቆንጆ ጭንጫ።»

«አይሸጥም።»

«እሺ» አለ ዮስት። «አመሰግናለሁ። መጠየቅ ብቻ ነው።» ፈገግ ብሎ እጃቸውን ጨበጠና ወደ ሥራው ተመለሰ። ወዲያው የመጋዙ ድምፅ ተሰማ።

አጎቴ ገብተው ገበታ ላይ ተቀመጡ። አክስቴ የጎመንና የድንች ሾርባ አቅርባላቸው ነበር። ማንኪያውን አላነሡም።

«ዴኦሊንዳ።»

«ወይ።»

«ሰምተሽዋል?»

«ሰምቼዋለሁ።»

«እንዲህም ተብሎ ይጠየቃል?»

«ይጠየቃል።»

«ቆንጆ ነው፣ እፈልገዋለሁ ተብሎ። በባዶ እጅ።»

«አዎ።»

«‹አይሸጥም› ስለው አላፈረም።»

«ምን ያሳፍረዋል?»

መጋዙ ቆመ፤ እንደገና ጀመረ።

«አርሚንዶም እኮ እንደዚያ ነበር የጠየቀኝ» አሉ።

አክስቴ ሳህናቸውን አነሣችና ሾርባውን ወደ ድስቱ መለሰችው፤ ቀዝቅዞ ነበር።